ኮሮናን ቤታችን ያስገባው ማን ነው?

በየቤቱ ኮሮናን ያስገባ አንድ ጥፋተኛ አይጠፋም። አንዱ ቤት ሰርግ ካልሄድኩ ብላ ያስቸገረች አክስት ናት፤ ሌላው ቤት ገበያ ውሎ የመጣ አጎት ነው። ሐኪም አልመረመረም፣ ምስክር አልተሰማም፤ ግን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ወስኗል፣ ይግባኝ የለም። የእኛ ቤት ጥፋተኛ አባቴ ነው። የፈረደበት ዳኛ ደግሞ፣ ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ እየጋለ ነው፣ እኔ ነኝ። ዳኛዋስ? እስቲ እናንተ ፍረዱ።

ያኔም እንደ አሁኑ ቦንጋ ከተማ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ወላጆቼ ዋጫ አጠገብ ቡና ያለማሉ። ቤተሰባችን በበሽታው ጉዳይ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በአንድ ወገን እኔና ታላቅ ወንድሜ አድማሱ ነን፤ እጅ ይታጠብ፣ ማስክ ይደረግ፣ መሳሳም ይቅር እንላለን። በሌላው ወገን አባቴ አለ፤ ብቻውን ነው፣ ግን ብቻውንም ሆኖ አብላጫ ድምፅ ያለው ሰው ነው። ማስኩን ኬላ ላይ ከኪሱ አውጥቶ ያደርግና ኬላውን እንዳለፈ አጥፎ ይመልሰዋል። በሽታው ያለው ኬላው ላይ ብቻ ነው ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ “እኔ ምን አውቃለሁ፣ የሚጠይቁኝ እዚያ ብቻ ነው” ይለኛል። እናቴ ከማንም ጋር አልወገነችም። ለመከራከር ምን ጊዜ አላት?

ታዲያ ጅማ ላይ ለሦስት ቀን ስልጠና ተጠራሁ። የስልጠናው ርዕስ ኮሮናን መከላከል ነበር። ሳቁ፣ አልቀየምም። ዝናቡ ስለበረታ የአዳራሹ መስኮት ሁሉ ተዘግቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብበን ተቀምጠን፣ ስለ ርቀት መጠበቅ ተማርን። ሲያልቅ የተማርኩትን ለወላጆቼ ላካፍል ብዬ ቦንጋን አልፌ በቀጥታ ዋጫ ሄድኩ።

ማስኬን እንዳደረግሁ ገባሁ። ከሩቅ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኩ፤ ምግብ ሲቀርብም ለብቻዬ ሰሃን ጠየቅሁ። አባቴ ሰሃኑን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። “ምን በደልኩሽ?” አለ። ይህቺን ጥያቄ እንዴት እንደምንመልስ ስልጠናው ላይ ማንም አልነገረንም። ማስኬን አወረድኩና ከአንድ ሰሃን ቆጮና ጎመን በላን። አጎረሰኝ፣ አጎረስኩት። እንዲያውም ደገምኩት።

ቦንጋ በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን ሽሮ ጥጄ፣ ሳሎን ቁጭ ብዬ ፈተና ሳርም፣ ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ እየጮኹ ገቡ። ጓዳው ጭስ በጭስ ሆኖ እንዴት ዝም ብዬ እንደምጽፍ ጠየቁኝ። ድስቱ ከስሏል፤ ሽታው እሳቸው ቤት ድረስ ሄዷል፤ የእኔ አፍንጫ ላይ ግን አልደረሰም። ሽታ መጥፋት የምን ምልክት እንደሆነ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ተማሪዎቼን ያስገለበጥኩት እኔው ነኝ። እትዬ ብርቄን በትህትና ከቤት አስወጣሁና በሬን ዘጋሁ። ለትምህርት ቤቱ ወገቤን አሞኛል አልኩ።

ትንሽ ቀን ቆይቶ አድማሱ ደወለ። አባዬ ትኩሳት ይዞታል፣ ይስላል። ከየት እንዳመጣውም ተደርሶበታል፤ ሺሺንዳ ከተማ ለቅሶ ሄዶ፣ ያለ ማስክ፣ ሰው እያቀፈ ሲያለቅስ ውሏል። “የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ ምን ይደረግ?” አለኝ። መናገር የነበረብኝ እዚህ ላይ ነበር። “ከእኔ ነው” ለማለት ስንት ትንፋሽ ይጠይቃል? ሐፍረት ግን አንደበት ይቀይራል። አዎ፣ ከለቅሶው ይሆናል፤ አሥራ አራት ቀን ለብቻው ይቀመጥ አልኩ። ለብቻው የተባለው የቡና ማስቀመጫዋ ክፍል ናት፤ አንዲት መስኮት አለቻት። አባቴ ሲነገረው “እሷ ካለች” ብሎ ብርድ ልብሱን ይዞ ገባ አሉኝ። ቢከራከር ምን ነበረበት!

አባቴ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው። ቢሞት የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ያውም በሐሰት ወንጅዬ። በቀን ሦስት ጊዜ እደውልና ትንፋሹን እጠይቃለሁ። መልሱ ሳል ነው፤ ረጅም፣ ከሆድ የሚወጣ ሳል። ስልኩን ዘግቼ አለቅሳለሁ፤ አልቅሼ ስጨርስ እንደገና እደውላለሁ። በአሥራ አምስተኛው ቀን በእግሩ ወጣ። ጉንጩ ሞላ ብሏል አሉኝ። ተመስገን አልኩ፤ መናገሩን ግን ለሌላ ጊዜ አሳደርኩት።

ያ ሌላ ጊዜ ዓመታት ፈጀ። ማስኩ ቀረ፣ የአባቴ ወንጀል ግን አልቀረም። ባስነጠሰ ቁጥር አድማሱ “ደግሞ የማን ለቅሶ ሄድክ?” ይለዋል፣ ቤቱ በሙሉ ይስቃል። ባለፈው መስቀል ይኸው ቀልድ ሲደገም አላስችለኝ አለ። አባቴ ወደ ጓሮ ሲወጣ ተከተልኩትና ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ስልጠናውንም፣ ጉርሻውንም፣ ያረረውን ሽሮም ዘረገፍኩለት።

ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አስለቀስኩት ብዬ ቀና አልኩ። እየሳቀ ነው። ሳሉ ለካ በአምስተኛው ቀን ለቆት ኖሯል። ያን ሰሞን የወሰን ክርክር ያለበት ሁሉ ሽማግሌ ሁነኝ እያለ መቀመጫ አሳጥቶት ነበር። እዚያች ክፍል ግን ጠሪ የለም፣ ሬዲዮ አለ፣ የዶሮ ሾርባ በመስኮት ይገባል። ታዲያ ምን ሊያደርግ ይውጣ? “አንቺ ስትደውዪማ አጥብቄ ነበር የምስለው” አለኝ። “የተማርሽው አንቺ ካመንሽ ሌላው አያስቸግርም።” ከተቀየመኝም ሃያ አንድ ቀን ስላላደረግሁት ብቻ እንደሆነ ነገረኝ።

ያ ሁሉ እንባዬ! ልቆጣ ይገባኝ ነበር፤ ግን ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሳልኝ ያህል ቀለለኝና አብሬው ሳቅሁ። ስንስቅ እናቴ እዚያው ጎመኑ መሃል ጎንበስ ብላ ቅጠል ስትቀነጥስ እንደነበር አላየንም። ቀስ ብላ ቀና አለች። አልተቆጣችም። የቀነጠሰችውን ጎመን በሙሉ አባቴን አሸከመችው። ሁለት ጊዜ ሳል ሳል አደረጋት።

“አሥራ አራት ቀን ነው አይደል ያልሽው?” ብላ ጠየቀችኝ፤ መልሴን ሳትጠብቅ ቡና ማስቀመጫዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ቆይታ በመስኮቷ ብቅ አለችና፣ ሾርባው ላይ ጨው እንዳናበዛ አዘዘችን።