ጋሽ አንዲት ነገርና ወይን ቁጥር አሥራ ዘጠኝ

ስብሰባ ባለበት ሁሉ ያ ሰውዬ አለ። የሕንፃ ነዋሪዎች ስለ ውኃ ቧንቧ ይሰብሰቡ፣ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ውጤት ይሰብሰቡ፣ ሊቃውንት ስለ ዓለም ዕጣ ይሰብሰቡ፣ ልዩነት የለውም። ሰብሳቢው ወረቀቱን አስተካክሎ «እንግዲህ ሌላ ከሌለ…» ሲል፣ ሰው ሁሉ ከጠረጴዛው ሥር ያወለቀውን ጫማ በእግሩ ሲዳብስ፣ ከወደ ኋላ አንድ እጅ ይነሳል። ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ችኮላ አያውቅም። የእጁም ባለቤት «አንዲት ነገር ብቻ» ይላል።

አንዲት ነገር ግን ብቻዋን መጥታ አታውቅም። እህቷን፣ አክስቷን፣ የአክስቷን ጎረቤት አስከትላ ነው የምትመጣው። እነሱ ተራ በተራ ተጫውተው እስኪወጡ ምሳው ይበርዳል።

በአሮጌ ወይኖች ማቆያ ጣቢያ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ሰው ስም ነበራቸው፤ ግን ከመታወቂያቸው ላይ በቀር የሚጠራው አልነበረም። ትልቁም ትንሹም «ጋሽ አንዲት ነገር» ይላቸዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የወይን ማሳውን ሲጠብቁ፣ ሲገርዙና ሲመዘግቡ ኖረዋል። ከወይኖቹ ጋር ሲሆኑ ድምፃቸው አይሰማም። ያጠራቀሙትን ሁሉ ለስብሰባ ነው የሚያመጡት።

ስብሰባው ደግሞ የዋዛ አልነበረም። የወይን ዘር ቢዘራ የሚበቅለው እናቱን አይመስልም። አንድን ወይን እንዳለ ለማቆየት ቅርንጫፉን ቆርጦ መትከል ነው እንጂ እንደ ስንዴ በከረጢት አስሮ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አይሆንም። የመጨረሻው ተክል ከደረቀ ዝርያው አበቃለት። ስለዚህ ሰባት አገሮች ተስማሙ፦ እያንዳንዱ የራሱን አሮጌ ወይኖች ይጠብቃል፣ የሌላውንም ቅጂ በማሳው ያሳድጋል፤ አንዱ ቤት እሳት ቢገባ በሌላው ቤት ይተርፋል። በየዓመቱም ከሰባቱ በአንዱ ተሰብስበው ይመክራሉ።

የዚህን ጉባኤና የጣቢያውን ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ ለአሥራ አንድ ዓመት የያዘችው ሴት እጇ ፈጣን፣ ጆሮዋ ስል፣ ትዕግሥቷ ግን እንደ ሰው ልክ ያለው ነበር። ጋሽ አንዲት ነገር ሲነሱ ብዕሯን ታስቀምጣለች። ሲቀመጡ ታነሳውና ሦስት ቃል ትጽፋለች፦ «አባሉ አስተያየት ሰጥተዋል።» በዚህ ጥበቧ ትኮራ ነበር። እራት ላይም ባሏን ታዝናናበታለች። እሱም ገና በሩን ስትከፍት «ዛሬስ ስንት ደቂቃ?» ብሎ መጠየቅ ልማዱ ሆነ።

አንድ ዓመት፣ ወይን የሚመዘገብበትን የጋራ ቅጽ ለማጽደቅ ተሰበሰቡ። ቅጹ ላይ «በቅጠሉ ጀርባ ያለው ጠጉር፦ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ብዙ» ይላል። እጅ ተነሳ።

«አንዲት ነገር ብቻ። ብዙ ማለት ስንት ነው? የአንዱ ብዙ ለሌላው ትንሽ ነው። የኔን ራስ እዩት፤ እኔ መካከለኛ እላለሁ። ፀጉር አስተካካዬ ግን ‹ጋሼ፣ አልፎ አልፎ ነው› ይለኛል።»

ሰው ሳቀ። ሳቁ አልቆ፣ ሻይ አልቆ፣ ጋሽ አንዲት ነገር ገና ከቅጠሉ ጫፍ ወደ መሃሉ እየሄዱ ነበር። በመጨረሻ ለመገላገል ሲባል ከየቃሉ ጎን ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ ተወሰነ። ያ ቅጽ ዛሬም በሰባቱም አገሮች ይሠራበታል፤ የማን ወሬ እንደወለደው ግን የሚያስታውስ የለም።

ቃለ ጉባኤ ያዧ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ጊዜም ሊጠይቋት ቤቷ መጡ። ሶፋው ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ጨዋ ሆነው ተቀመጡና «በሉ ልሂድ» ብለው ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ እጀታውን እንደያዙ ስለ ሕፃናት እንቅልፍ አንዲት ነገር ትዝ አለቻቸው። ባሏ መጀመሪያ ቆሞ ሰማ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን ተደገፈ፣ በኋላ ከወጥ ቤት በርጩማ አመጣ። ሕፃኗ ግን፣ መቼም እውነቱ ይነገር፣ በድምፃቸው እንቅልፍ ወሰዳት።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ፣ የጉባኤው ተራ የራሳቸው ጣቢያ ሆነ። ያን ዓመት አጀንዳው አጭር ነበር። ማሳው ሞልቷል፤ ከሌሎቹ አገሮች የሚመጡ ወይኖች መተከያ አጥተዋል። ስለዚህ «ድጋሚ ናቸው»፣ ማለትም ሌላ ቦታ ላይ ያለው ያው ወይን ሁለት ጊዜ የተተከለ ነው የተባሉ ሠላሳ ስምንት ተክሎች እንዲነቀሉ ዝርዝር ቀረበ። የቤተ ሙከራው ወረፋ ረጅም ስለነበር፣ በመዝገቡ ላይ ስማቸው አንድ የሆኑት ሳይመረመሩ ነበር ዝርዝሩ ውስጥ የገቡት።

ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። የምሳው ሽታ ከኮሪደሩ ገብቷል። ወጣቱ ሰብሳቢ ማኅተሙን አንስቶ «ተቃውሞ ከሌለ…» አለ።

እጅ ተነሳ።

«አንዲት ነገር ብቻ፣ ዶክተር። ቁጥር አሥራ ስምንትና ቁጥር አሥራ ዘጠኝ አንድ አይደሉም።»

«ጋሼ፣ መዝገቡ ላይ እኮ ስማቸው አንድ ነው።»

«የኔና የአማቼም ስም አንድ ነው። ታዲያ አንዳችንን ልትነቅሉ ነው?»

ሰብሳቢው ራሱ ሳቀ፤ ማኅተሙን ግን አላስቀመጠም። ጋሽ አንዲት ነገር ቀጠሉ። ቁጥር አሥራ ዘጠኝ አበባው ሌላ ነው አሉ፤ የአበባ ዱቄት የሚይዙት ክሮች ወደ ታች የታጠፉ ናቸው፣ ለራሱ አይበቃም፣ ሌላ ወይን አጠገቡ ካላበበ አያፈራም። ደግመው አስረዱ። በሦስተኛው ሲጀምሩ ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ።

«በጽሑፍ ያቅርቡልን፤ ለሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን።»

«ለሚቀጥለው ዓመት ማገዶ ሆኖ ነው የምታዩት!» ጋሽ አንዲት ነገር ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ይህ የመጀመሪያው ነበር። «አበባው የሚቆየው አሥር ቀን ነው። ስድስቱ አልፏል። ማሳው እዚህ ነው፣ ከበሩ ሁለት መቶ እርምጃ። ተነሱና እዩት!»

ከእንግዶቹ መሃል አንዲት አሮጊት ተነሱ። ከሩቅ አገር የመጡ የወይን አትክልተኛ ናቸው፤ በሦስት ቀን ስብሰባ አንድም ቃል አልተናገሩም። በአስተርጓሚያቸው በኩል «እኔ እሄዳለሁ፤ ምሳም አልራበኝም» አሉ። እንግዳ ተነስቶ ባለቤት ቢቀመጥ ነውር ነው። ሁሉም እያጉረመረመ ተከተለ።

መሬቱ ሌሊት በጣለው ዝናብ ጭቃ ሆኖ ነበር። ልዑካኑ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ቃለ ጉባኤ ያዧም አዲሱን ጫማዋን እየረገመች፣ ረድፉ ውስጥ ገቡ። ጋሽ አንዲት ነገር አጉሊ መነጽራቸውን ለአሮጊቷ ሰጡና የቁጥር አሥራ ዘጠኝን አበባ በሁለት ጣት ደገፉላቸው። አሮጊቷ አዩ። ቁጥር አሥራ ስምንትንም አዩ። ተመልሰው አሥራ ዘጠኝን አዩ። ከዚያ ጭቃው ውስጥ ቁጭ አሉና ግንዱን በመዳፋቸው ዳበሱት።

አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ ሰማቸው።

«በመንደራቸው አንዲት ወይን ነበረች ይላሉ። ብቻዋን ብትተከል አታፈራም። ሁልጊዜ በሌሎች መሃል ነበር የሚተክሏት። ‹ጎረቤት ፈላጊ› ነበር ስሟ። ከዛሬ አርባ ዓመት በፊት ግድብ ሲሠራ ሸለቆው ሞላ። መንደሩም ወይኗም ውኃ ሥር ናቸው። በሰባቱም አገር ዝርዝር ፈልገው አላገኟትም።»

ማንም ስለ ምሳ አላነሳም።

ሰብሳቢው ወደ ቃለ ጉባኤ ያዧ ዞሮ «ወይኖቹ ሲመጡ የተጻፈውን ወረቀት ፈልጊልኝ፣ እህቴ» አለ። ሄደች። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ ቁልፉ ያለው እሷ ጋ ነው። ያረጀውን ማህደር ስታገላብጥ ከግድቡ በፊት ከአሮጊቷ አገር የመጣውን ደብዳቤ አገኘችው። የማታነበው ፊደል ቢሆንም ለአሥራ ስምንትና ለአሥራ ዘጠኝ ሁለት የተለያዩ ስሞች እንደተጻፉ በዓይኗ ለየች። አጠገቡ እዚህ የተሞላው መዝገብ ነበር። በአሥራ ስምንት ትይዩ ስም ተጽፏል። በአሥራ ዘጠኝ ትይዩ ግን፣ ጸሐፊው ደክሞት ይሁን ርቦት፣ «ከላይ እንዳለው» ብሎ አልፏል።

«አይ ሰነፍ!» አለች ጮክ ብላ፣ ሰው በሌለበት።

ማህደሩን ይዛ ልትወጣ ስትል በዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ የራሷ ቃለ ጉባኤዎች በየዓመታቸው ተደርድረው አየች። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ የዛሬ ሦስት ዓመቱን ሳበች። ገለጠች። በራሷ ቆንጆ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «አባሉ ስለ አበባ አስተያየት ሰጥተዋል።»

ስለ የትኛው አበባ? ምን አሉ? ለማስታወስ ሞከረች። ያን ቀን ትዝ ያላት መስኮቱ ላይ ስትጮህ የነበረች ወፍና የምሳው ሰዓት ብቻ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

አሮጊቷ ደብዳቤውን ሲያነቡ ሁለተኛው ስም ላይ ጣታቸው ቆመ፤ አስተርጓሚው መተርጎም አላስፈለገውም። ዝርዝሩ ማኅተም ሳያርፍበት ቀረ። ሰው ሁሉ ወደ ቀዘቀዘው ምሳ ሲሄድ ቃለ ጉባኤ ያዧ ወደ ማሳው ተመለሰች። ጋሽ አንዲት ነገር ብቻቸውን ቆመው አሥራ ዘጠኝን በለስላሳ ገመድ ከድጋፉ ጋር ያስራሉ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው» አለች።

«ስለ ምኑ፣ ልጄ?»

«የዛሬ ሦስት ዓመት ስለዚህች ወይን ተናግረው ነበር፣ አይደል?»

«ተናግሬአለሁ። አርባ ደቂቃ።»

«እኔ በአምስት ቃል ጻፍኩት። በዚያ ላይ ቁጥሯን አልጻፍኩም።»

ጋሽ አንዲት ነገር ገመዱን ቋጠሩ። ትርፉን በመቀስ ቆረጡ። ቢቆጡ በተሻላት ነበር።

«በአምስት?» አሉ በመጨረሻ። «አንቺስ ደህና ነሽ። ባለቤቴ በሁለት ነው የምትጨርሰው፤ ‹በቃህ፣ ተኛ!›»

ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰብሮ እንባዋ መጣ። እሳቸውም እንዳላየ ሰው ወደ ሃያኛው ወይን ዞሩና ስለ ሃያኛው ወይን ማውራት ጀመሩ። ደብተሯን አወጣች። ጻፈች። ሃያ አንደኛው ጋ ሲደርሱ ጣቷ ዝሏል፤ ቢሆንም አላስቆመቻቸውም።

የዚያ ቀን ቃለ ጉባኤ ዐሥራ አራት ገጽ ሆነ። ሰብሳቢው ከብዶት በእጁ እየመዘነ «እስቲ ትንሽ አሳጥሪው» ቢላት፣ «የቱን ልቀንስ? እርስዎ ያመልክቱኝ» አለችው። አገላብጦ አገላብጦ ፈረመ።

እውነቱ ሳይዛነፍ እንዲነገር፣ ጋሽ አንዲት ነገር ያን ዓመት ከሠላሳ ስምንቱ ስለ ስድስቱ ተሟግተው ነበር። ስድስቱም ተመረመሩ። በአምስቱ ተሳስተዋል፤ አምስቱ ተነቀሉ። ስድስተኛዋ በሰባቱም አገሮች መዝገብ ላይ በእውነተኛ ስሟ ገባች፤ በዓለም ላይ የቀረችው ያቺው አንዲት ግንድ ነበረች።

ቅጠሉ ሲረግፍ ከእሷ ዐሥራ ሁለት ቁራጭ ተወስዶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የጤና ምስክር ወረቀቱ ተያይዞ ወደ አሮጊቷ አገር ተላከ። ጋሽ አንዲት ነገርም በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጡ። ስብሰባዎቹ በሰዓታቸው ያልቁ ጀመር። ቃለ ጉባኤ ያዧ በጊዜ ቤቷ ትገባለች፤ ባሏም «ዛሬስ ስንት ደቂቃ?» ማለቱን ተወ።

በዓመቱ ከአሮጊቷ ደብዳቤ መጣ። ከዐሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ጸድቀዋል። ከግድቡ በላይ ባለው ተዳፋት፣ በሌሎች ወይኖች መሃል ተተክለዋል። አሁን ወጣት አትክልተኞቻቸውን የሚያስተምር ሰው ይፈልጋሉ፤ ያ ወደ ማሳው የወሰዳቸው ሰውዬ ቢመጣ ይመርጣሉ።

«ጡረታ ወጥተዋል እኮ» አለ ሰብሳቢው። «ደግሞ እሳቸውን ከላክን… ታውቂያቸዋለሽ። አጠር አድርጎ የሚያስረዳ ወጣት አናጣም።»

«ስማቸውን ጽፌዋለሁ፣ ዶክተር» አለችው። «የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው።»

ፈረመ። ወደ ክፍሏ ተመልሳ ፖስታውን ከማሸጓ በፊት፣ ከፊርማው ሥር ባለው ባዶ ቦታ ላይ በራሷ እጅ ጨመረችበት፦ «ክቡራን ሆይ፣ እባካችሁ ሁለት አስተርጓሚ አዘጋጁላቸው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካው። ከሚናገሩት ግን አንድም ቃል እንዳታስቀሩ አደራ።»