ተራ የያዘው ፈረሴ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ነቀምት መሃል ከጋሪዎች ጋር ተራ ይዤ ስጠብቅ ዋልኩ!

ጋሪ የለኝም።

ያለኝ ፈረስ ብቻ ነው። እሱ ነው በላይቭ ጉዴን ያፈላው።

ለአዲሶቹ ተከታዮቼ፦ እኔ እዚሁ ነቀምት፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ትንሽ ፀጉር ቤት ያለችኝ ሴት ነኝ። ዳማ ደግሞ ጋሪ ሲጎትት ኖሮ፣ ትከሻው ተልጦ ጉልበቱ ሲከዳው አስፋልት ዳር የተጣለ ፈረስ ነው። መኪና ሁሉ እየጮኸበት ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። አላስችል ብሎኝ ወደ ቤት አመጣሁት።

እናቴ ጎጃሜ ናት፣ ለማንም አትመለስም። "ሰው ባል ይዞ ይመጣል፣ የኔዋ ፈረስ!" አለች። የቁስሉን ማጠቢያ ውሃ የምታሞቅልኝ ግን እሷው ናት።

ከዚያ ስለ ፈረስ ያልከፈትኩት ቪዲዮ የለም። አለንጋ የለም፣ ጉተታ የለም፣ ቁጣ የለም! ገመዱን እንኳ መጀመሪያ አሽትቶ ሲፈቅድልኝ ነው የማስረው። አጠገቡ በርጩማ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ሲመቸው ይመጣል፣ አንገቱን አሸዋለሁ። ደንበኞቼ "ለኛ ፀጉር እንዲህ ብትታገሺ ምናለ" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ለሰው ትዕግሥት የለኝም።

ቁስሉ ዳነ። ከግቢ ግን አልወጣ አለ!

በሩ ጋ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። የእንስሳት ሐኪሙ "ካልተራመደ እግሩ ይተሳሰራል፣ አንዴ ከወደቀ አይነሳም" አለኝ። ጨነቀኝ። ጎትቼ እንዳላወጣው፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲጎተት የኖረ ፍጡር ነው። ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቼ መጠበቅ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

ዛሬ ወጣ!

በራሱ ፈቃድ! አለቀስኩ። ከዚያ ምን እንዳቅበጠበጠኝ እንጃ፣ ላይቭ ከፈትኩ።

"ፈረሳችሁን አትምሩት፣ እሱ ይምራችሁ፣ ምርጫውን አክብሩለት" እያልኩ ገመዱን ለቀቅ አድርጌ ተከተልኩት። ባለሙያ መስያለሁ በቃ።

መንገድ ላይ የሚያውቀኝ ሁሉ እጁን እያነሳ በኦሮምኛ "አከም!" ብሎ ሰላም ይለኛል። ዳማ እጅ በተነሳ ቁጥር ቀጥ! ተሳፋሪ መስሎታል። ነቀምት ውስጥ ደግሞ እጁን ሳያነሳ የሚያልፍ ሰው ታውቃላችሁ? በእያንዳንዱ ሰው ፊት ቆሜ የቤተሰቡን ደህንነት ጠየቅኩ፣ ወሬ ሲያልቅብኝ የላሟንም ጠየቅኩ።

ከዚያ ታጠፈና ጋሪዎች ተሰልፈው ጭነት የሚጠብቁበት እህል ተራ ገባ። ከመጨረሻው ጋሪ ኋላ ሄዶ ቆመ። አንገቱን ደፋ።

ተራ ያዘ እኮ ነው የምላችሁ!

"ዳምዬ፣ እንሂድ በናትህ።" ንቅንቅ የለም። እንዳልጎትተው አሁን በአፌ ሰብኬያለሁ። ኮሜንቱ "እኔንም ጫኚኝ" በሚል ተጥለቀለቀ።

ተራ አስከባሪው ኦቦ ገመቹ መጡ። "ያ ኢንተላ! አንቺ ልጅ፣ ጋሪሽ የታለ?"

"የለኝም ኦቦ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እሱን ይጠይቁልኝ።"

ዞር ብለው አዩት። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ይሄ ፈረስ አልሞተም እንዴ?" ግንባሩን ዳበስ አደረጉት። "ተይው፣ ተራውን ይጠብቅ" አሉኝ።

እኔ ግን፣ አልዋሻችሁም፣ ቀናሁ። ያን ሁሉ ጊዜ አሽቼ አክሜ፣ በር በወጣ ቀን የሚመጣው ትከሻውን ወደላጠው ሥራ? "አንተ ጅል፣ እዚህ እኮ ነው የጨረሱህ!" ልለው ምንም አልቀረኝ።

ተራው ደረሰ። አንድ ባለጋሪ ማሰሪያ ይዞ ጠጋ አለ። "እህቴ፣ ድኗል እኮ። የኔው ዛሬ ታሞብኛል። እስቲ ልጥመደው፣ እምቢ ካለ ይቀራል።"

ምርጫውን አክብሩ ያልኩት እኔው ነኝ! እሺ ቢልስ? በራሱ ፈቃድ ወደዚያ ጋሪ ቢገባስ? እጄ ገመዱን ጭብጥ አድርጎ ሊያስቀረው ፈለገ። አልጨበጥኩም። እንዴት እንደቻልኩ አትጠይቁኝ።

ዳማ ማሰሪያውን አሸተተ። ቆየ።

ከዚያ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ዞሮ ከኋላዬ ገባ፣ ግንባሩን ጀርባዬ ላይ አድርጎ ወደፊት ገፋኝ።

ተራውን ለእኔ ለቀቀልኝ!

እህል ተራ በሳቅ ፈነዳ። ኦቦ ገመቹ ግን በተራ የሚቀልዱ ሰው አይደሉም። "እንግዲህ ተራው የሷ ነው፣ ጫኑ!" ብለው የአደ ጫልቱን ድንች ትከሻዬ ላይ አወጡት። አደ ጫልቱ የግድግዳ ጎረቤታችን የሆኑ እናት ናቸው፣ ጋሪ እየጠበቁ ነበር። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀስ በይ፣ እንዳይቀጠቀጥ" ይሉኛል። ለኔ መስሎኝ ነበር፣ ለድንቹ ነው!

እስከ ሰፈራችን ያለውን ዳገት ድንች ተሸክሜ ወጣሁት። ዳማ ባዶውን ከጎኔ፣ አገጩን ክንዴ ላይ ጣል አድርጎ። ባለጋሪው ደግሞ ስልኬን ይዞ እየቀረጸ አጀበን። እየሳቅኩ ነበር ወይስ እያለቀስኩ፣ ቪዲዮውን ያያችሁ ንገሩኝ፣ እኔ አላውቀውም። የማውቀው የኮቴውን ድምፅ እየሰማሁ ደስ እንዳለኝ ብቻ ነው።

አሁን ይህን የምጽፈው በሆዴ ተኝቼ ነው። ጀርባዬ ሄዷል። በመስኮት ሳየው ዳማ በሩ ጋ ቆሟል። አይንቀጠቀጥም። ክፈቺልኝ ነው የሚለው።

ነገም የት እንደሚወስደኝ አውቃለሁ። አደ ጫልቱም ያውቃሉ መሰለኝ፣ አሁን በአጥሩ በኩል "ነገ ሽንኩርት አለኝ" ብለውኛል። እሺ አልኳቸው። ምን ልበል? ልጄ እየተራመደልኝ ነው!

እስቲ የምታውቁ፣ የባለጋሪዎች ማኅበር በትከሻዋ የምትሠራ አባል ይመዘግባል?