ለቴርሞሜትር የተጣለ ዳስ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላሉ አባቶቻችን። ሳተላይት የሚሉት ተመልካች ተሹሞባቸው ቢሆን ኖሮ ተረቱን ያስረዝሙት ነበር። ሳተላይት ደግ ነገር ነው፤ አበል አይጠይቅ፣ ስብሰባ አይጠራ። አንድ ክፋት ግን አለበት፤ እሱ ከተናገረ ወዲያ የሰው ቃል ሰሚ የለውም።

ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም የግብርና ባለሙያ ነበርሁ። ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት ምሁራንን ይዤ ቡሬ አጠገብ ወዳለ አንድ ቀበሌ ወረድሁ። ሳተላይቱ የመሬትን ሙቀት ከላይ ሆኖ ይለካል፤ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ግን ጥላ በሌለው ባዶ ማሳ ላይ ከተተከለ ቴርሞሜትር ጋር ሲመሳከር ነው። ማሳውን የሰጡን አያ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። መሣሪያው ራሱ ይመዘግባልና፣ ሳምንቱን ሙሉ እሱን እየተውን ቡሬ ምሳ እንበላለን። ምሁራኑ በመጨረሻ ቁጥሩን አይተው ተያዩ። ሳተላይቱ አጋንኖ ኖሯል! ከዚያ ወዲያ እሱ ከሚለው ሙቀት ላይ እየተቀነሰ እንዲነበብ ተወሰነ። ግምገማ በበዛበት በዚያ ዘመን ሂሱን ያለማንገራገር ሲውጥ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

በክረምቱ ዝናቡ ነሐሴ ላይ ጠፋ። በቆሎው ሳያፈራ ቆሞ ደረቀ። እርዳታ ካልመጣ አያ ይመር ከጥማድ በሬያቸው አንዱን ሊሸጡ ነው፤ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። እርዳታ እንዲሰጥ ለቢሮው አመለከትን። መልሱ ፈጥኖ መጣ፤ በሳተላይት ሲታይ መሬቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ ደግሞስ ጎጃም ጎተራ አይደል? የደረቀ አገዳ ተሸክሜ ቢሮ ብቀርብ ከሳተላይቱ ጋር ተከራከር ተባልሁ። ተስፋዬ እዚያው ተቆረጠ።

ይህንኑ ለአያ ይመር ልነግራቸው ሄድሁ። ጠላ ስለሌለ ይቅርታ እየጠየቁ አስቀመጡኝ፤ የምለውንም ሰሙኝ።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ ዳልቻውን በሬ ቅዳሜ ቡሬ ገበያ እነዳዋለሁ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ያ የእንግዶቹ ዕቃስ? ፀሐዩ ሳይጎዳው አገሩ ገባ?»

«ደኅና ገብቷል፤ ምነው አያ?»

«የእንግዳ ዕቃ በማሳዬ ሲነድ እያየሁ ሆዴ አልችል ቢለኝ፣ እናንተ ለምሳ ስትሄዱ የቅጠል ዳስ እጥልለት ነበር። ስትመጡ ደግሞ እንዳያስቸግራችሁ አነሣው ነበር።»

ለካስ ሳተላይቱ እውነቱን ነበር። ያሳሳተን ጥላ ሥር የዋለው ቴርሞሜትር ነው፤ የደረቀውን መሬት ቀዝቃዛ ያሰኘውም በእሱ የተነሣ የቀነስነው ሙቀት። (በማግሥቱ ለምሁራኑ ደውዬ ነበር፤ እርማቱ ጸድቋል፣ በወሬ አይነካም አሉኝ።)

ሽማግሌው መልሴን ይጠብቃሉ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?

«እግዜር ይስጥልን፤ ፀሐይ አልነካውም» አልኋቸው።

«ተመስገን» አሉና ለበሬው ድርቆሽ ሊሰጡ ወጡ።