ከኋላ የተቀረጸው ወረፋ

ዳቦ ቤት የሌለው ሰፈር ይኖራል፤ መድኃኒት ቤት የሌለውም ሞልቷል። ቴሌቪዥን የጀመረውን ወሬ ከቴሌቪዥኑ ቀድሞ የሚጨርስ ሰው የሌለው ሰፈር ግን እስካሁን አልተቆረቆረም። በዚህ ሰፈር ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ፀጉር አስተካካዩ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ግን አንድ ቀን እንኳ ከሹመታቸው ላይ ቀርተው አያውቁም። ሰፈሩ «ክቡር ዋና አዘጋጅ» ይላቸዋል። ለፌዝ መሆኑ አይጠፋቸውም፤ ቢሆንም ደስ ይላቸዋል።

ቴሌቪዥኑ የተሰቀለው ከመስታወቱ በላይ ስለሆነ፣ ደንበኛ መልኩን ለማየት ቀና ሲል የሚያየው ዜና አንባቢዋን ነው። ዜና ሲጀምር ቶንዶሱ ይቆማል። ግማሽ ጭንቅላቱ የተስተካከለለት ሰው የዓለም ሁኔታ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እንዲያውም አንድ ሙሽራ ዜናው ረዝሞበት አንድ ጎኑ ሳይነካ ወደ ሠርጉ ሮጧል ይባላል፤ በሠርጉ ፎቶዎች ሁሉ ላይ የሚታየው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው።

የተጠራጠረ ከመጣ መልሳቸው አንድ ነው። «በዓይኔ አይቻለሁ!» የት? ቴሌቪዥን ላይ ነዋ። «ቴሌቪዥን ምን አገኛለሁ ብሎ ይዋሻል?» ይላሉ ምላጩን ቀስረው። ምላጭ ከያዘ ሰው ጋር ደግሞ ማን ይከራከራል!

ከዜና ሁሉ የሚወዱት ስለ መጤዎች የሚነገረውን ነው። አውቶቡስ ዘገየ፣ መጤ። ኪራይ ተወደደ፣ መጤ። ውሃ ጠፋ፣ መጤዎቹ ሳይታጠቡበት አልቀሩም።

ይህን ሁሉ በስስ ግድግዳ በኩል የሚሰማው ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው ነው። ወደዚህ አገር ከመጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የሕንፃው ደረጃ ሥር ካለችው ጠባብ ክፍሉ ሆኖ ዜናውን ከልምዱ የተነሳ እንደ ሰዓት ይጠቀምበታል፤ የዜናው ርዕስ ሲነበብ የቀባው ማስቲሽ ስፖርት ሲጀምር ይደርቃል። በወር አንዴ ደግሞ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣል።

«ሥራችንን እኮ ወሰዱት!» ይላሉ ማጅራቱን እያስተካከሉ።

«የማንን ሥራ ጋሼ?»

«የሁላችንንም!»

«ከእኔ በፊት እዚህ ጫማ የሚሰፋ ነበር እንዴ?»

«የት ተገኝቶ! አንድ ሶል ለማስቀየር ሁለት አውቶቡስ ነበር የምንሳፈረው።»

«ታዲያስ?»

«አንተን ማን አነሳህ ወንድሜ! አንተማ የኛው ነህ። እኔ የምለው እነዚያን ነው።»

እነዚያ የሚኖሩት ቴሌቪዥኑ ውስጥ ነው። ክቡር ዋና አዘጋጁ አንዳቸውንም መንገድ ላይ አግኝተው አያውቁም። ጫማ ሰፊው ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «አንተን አይደለም» መባል ያደክማል።

እንዳይጠላቸው የምታደርገው አንዲት ጠባሳ ናት። ማጅራቱ ላይ፣ ፀጉር የማይበቅልባት፣ እንደ ጎበጠ ሚስማር ያለች። «ከመኪና ወድቄ ነው፣ ስመጣ» ብሎ አንዴ ነገራቸው፤ ዳግመኛ አልጠየቁትም። በየወሩ ግን የላይኛውን ፀጉር አርዝመው ይተዉና ጠባሳዋን ይሸፍኑለታል። ለሙሽራ ያላሳዩትን ትዕግሥት ለእሷ ያሳያሉ። «እኔ እያለሁ ማንም አያያትም» ይላሉ።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ጠጠር ጣላቸው። ክፍሉን ዘግቶ፣ ደግፎ ጤና ጣቢያ ያደረሳቸው እሱ ነበር። እሳቸውን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር በእሳቸው ፈንታ ወረፋ ቆመ። ሲሻላቸው ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ። «ልጅ ቢኖረኝ እንኳ እንዲህ አያደርግልኝም!»

ከዚያ በኋላ ነው ቴሌቪዥኑ «ጤና ጣቢያዎቻችን በመጤዎች ተጥለቀለቁ» ያለው። አብሮ የታየው የሰው ወረፋ ነበር፣ ከኋላ የተቀረጸ፣ ፊት የሌለው። ያንኑ ምስል ሦስት ሳምንት ደጋገሙት። በአራተኛው ሳምንት የሕንፃው ኃላፊ ወረቀት ይዞ መጣ። የምድር ቤቱ ክፍሎች ለውጭ ሰዎች እንዳይከራዩ ነዋሪው ይጠይቃል የሚል ነው። ክቡር ዋና አዘጋጁ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ የመጀመሪያው መስመር ላይ ፈረሙ።

«ዛሬ ቁም ነገር ሠራን!» አሉ ወደ ጫማ ሰፊው ብቅ ብለው።

«ምን ተገኘ ጋሼ?»

«እነዚያን የሚያስቆም ወረቀት ፈረምን!»

ወስፌው እጁ ላይ ቆመ።

በአሥረኛው ቀን ዱብ ዕዳው መጣ፤ በሠላሳ ቀን ክፍሉን ልቀቅ የሚል ደብዳቤ። ክቡር ዋና አዘጋጁ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና ደም ሥራቸው ተገተረ።

«ማነው ይሄን ያደረገው? ምን ዓይነት ጨካኝ ነው!»

ጫማ ሰፊው ሁለተኛውን ገጽ ገለጠላቸው። የፊርማው ዝርዝር ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እጅም ሳይሆን አይቀርም።

«አንተን አላልኩም እኮ!» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ።

«ወረቀቱ ግን እኔን ነው ያለው ጋሼ።»

ክፍሉን ሊያስረክብ ሦስት ቀን ሲቀረው ፀጉሩን ሊስተካከል ገባ። ቴሌቪዥኑ ብቻ ያወራል፤ ያንን ወረፋ መልሶ አመጣው። «የዜጎቻችንን ተራ የያዙት እነዚህ ናቸው» አለች ዜና አንባቢዋ።

ማበጠሪያው ቀጥ አለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውን ከኋላ ሲያዩ ነው የኖሩት፤ ደንበኛቸውን ከፊቱ ይልቅ በማጅራቱ ይለያሉ። እጃቸው ሥር ያለውን ማጅራት አዩ። ቀና ብለው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለውን አዩ። ጠባሳዋን የሸፈነው ፀጉር የገዛ እጃቸው ሥራ ነበር። ከዳር፣ አግዳሚው ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ሆዳቸውን ይዘው ጎብጠዋል፤ ያቺን ክርናቸው ላይ የተጣፈች ግራጫ ኮት ያውቋታል። አሁንም በሩ ላይ ተሰቅላለች።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ተራውን የያዝከው እኮ ለእኔ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ። መጀመሪያ የታየ ዕለት ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«በዓይኔ አይቻለሁ ይሉኝ ነበራ።»

ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ትተውት ወደ ሕንፃው ኃላፊ ሮጡ፤ ፊርማዬን ሰርዝ ሊሉ። «አንድ የእርስዎ ፊርማ ቢሰረዝ ምን ይለወጣል? ደብዳቤው እንደሆነ ወጥቷል» ተባሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ለመኑ፤ ጮኹ፤ በመጨረሻም ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ጫማ ሰፊው በቀኑ ወጣ። ክፍሉን የተከራየ የለም፤ ዛሬ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥበታል።

አሁን ጫማ የሚሰፋው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ አንድ ግንብ ጥግ ላይ ነው፤ ሲዘንብ ሥራ የለም። ቂሙ አልወጣለትም፤ ወጥቶልኛል ብሎም አይዋሽም። ከአጠገቡ አፉን ዘግቶ የሚሠራ ጥሩ ፀጉር አስተካካይ አለ፤ አንዴ ሄዶ ዝምታው ጨነቀው። ስለዚህ በየወሩ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ክቡር ዋና አዘጋጁ ይመጣል። ይናፍቃቸዋል፤ ምን ያድርግ።

እሳቸውስ ተለወጡ? ኧረ ምን ተለውጠው! አውሎ ነፋሱንም፣ ሚኒስትሩንም አሁንም በዓይናቸው አይተዋል። ከኋላ የተቀረጸ የሰው ወረፋ ሲመጣ ብቻ ዝም ይላሉ። ማበጠሪያውን አስቀምጠው በርጩማ ይስቡና በዚያ ዕድሜያቸው ይወጡበታል። አፍንጫቸው ቴሌቪዥኑን ሊነካ ምንም አይቀረው። ጭንቅላቶቹን አንድ በአንድ ያያሉ።

«ጋሼ ይውረዱ፣ ይወድቃሉ» ይላል ጫማ ሰፊው። ነጩን ጨርቅ እንዳደረገ፣ ግማሽ ጭንቅላቱ ብቻ እንደተስተካከለ ተነስቶ፣ እግሩ የላላውን በርጩማ በሁለት እጁ ይይዝላቸዋል።

«ይሄኛውን አላውቀውም» ይላሉ እላይ ሆነው። «ግን ፀጉሩን አንድ ሰው ተጠንቅቆ ነው የቆረጠለት።»