የኮራሏ ለቅሶ

ለኮራል ለቅሶ ደርሳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ደርሻለሁ፤ ያውም ሮተርዳም። ጓደኛዬ ዳንኤል አምና ለተፈጥሮ ይቆረቆራል የተባለ ውድ የደሴት ሪዞርት ሄዶ፣ ባሕር ውስጥ አንዲት ኮራል በስሙ ተክሎ ነበር። ድንጋይ ትመስላለች እንጂ ነፍስ አላት አሉ። በየወሩ ፎቶዋ ሲላክለት እንደ ልጁ ያሳየን ነበር። ባለፈው እሑድ ግን እንደ አጥንት ነጥታ መጣች። እያለቀሰ ሲደውልልን ምን እናድርግ? ሄድን።

“ምን አገኛት?” አሉ አብረውን የመጡት እትዬ ዘነቡ፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ።

“ባሕሩ ሞቆባት ነው። የዓለም ሙቀት ጨረሳት። ሐሙስ ሌላ ልተክል እበራለሁ።”

“በአውሮፕላን?”

“ታዲያ በምን ልሂድ፣ እትዬ?”

ፎቶዋን እየተቀባበልን ከንፈራችንን መጠጥን። ከዚያ አንዱ ቀስ ብሎ የሪዞርቱን ስም ጠየቀ። ስሙን ለመመዝገብ ቀድሜ ስልኬን ያወጣሁት እኔ ነኝ።