የጋሼ ደርሶ ተቃውሞ

ስብሰባ የሚጠራ መሥሪያ ቤት ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንድ ተቃዋሚ ሽማግሌ አይጠፋም። ከሊቀ መንበሩ ቀድሞ ይመጣል፤ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ይወጣል። በእስራኤሏ አሽቀሎን ይህን ወንበር የያዙት ሊቀ ተቃዋሚያን ጋሼ ደርሶ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠቻቸው ሺረል ነበረች፤ በማዘጋጃ ቤቱ፣ በኢሪያው፣ የፕላን ክፍል ውስጥ ሂትናግዱት የሚባለውን የተቃውሞ ማመልከቻ የምትቀበል፣ አማርኛ የምትችል ወጣት።

ጋሼ ደርሶ የአውቶቡስ ፌርማታ ሲነሣ ተቃወሙ፤ ሲመለስም ተቃወሙ። መንገድ ዳር ዘንባባ ሲተከል «ለራሱም ጥላ የለው» ብለው ሦስት ገጽ አስጻፉ። ሲናገሩ ሁልጊዜ «አንዲት ትንሽ ጥያቄ አለችኝ» ብለው ይጀምራሉ። ሺረል ይህችን በሰማች ቁጥር ምሳዋን ትሰናበታለች።

የሰፈራቸው የግቫት ጺዮን ነገር ግን ቀልድ አልነበረም። አሮጌዎቹ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ፈርሰው፣ ከታች ሱቅ፣ ከመሐል ቢሮ፣ ከላይ መኖሪያ ያላቸው ስድስት ረጃጅም ፎቆች ሊሠሩ ታቀደ። በአሮጌዎቹ ውስጥ ማማድ፣ ሮኬት ሲመጣ የሚገባበት ባለ ብረት በር ክፍል፣ የለም። አዛካው፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሳይረን፣ ሲጮኽ ሰው በሠላሳ ሴኮንድ ውስጥ ደረጃው ላይ ይታጨቃል። ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ ፈርሟል። ያልፈረሙት ጋሼ ደርሶ ብቻ ናቸው፤ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው እናቶችም ሰላምታ ነሥተዋቸዋል።

የፕላን ኮሚቴው በተሰበሰበ ቀን አርክቴክቱ የአዲሶቹን ፎቆች ነጭ ሞዴል ጠረጴዛው ላይ አቆመ። ጋሼ ደርሶ ተነሥተው ዞሩት፤ ጎንበስ ብለውም በትንንሾቹ መስኮቶች አጮለቁ። መዋለ ሕፃናቱ የት እንደሆነ ጠየቁ፤ ተነገራቸው። ሱቁንም ቢሮውንም ጠየቁ፤ ተነገራቸው።

«ሰውስ የት ነው የሚሞተው?» አሉ።

ሺረል ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ መለሰችው። ጋሼ ደርሶ ቃሬዛ በአሳንሰሩ ቆሞ ካልሆነ እንደማይገባ፣ የልቅሶ ድንኳን የሚተከልበት መሬትም እንደሌለ አስረዱ። ሊቀ መንበሩ ውሃ ጠጣ።

በሳምንቱ ሺረል ተቃውሟቸውን እቤታቸው ሄዳ እንድትመዘግብ ተላከች። ውጭው ቀትር ነው፤ ደረጃው ግን ጨለማ፤ መብራቱ ለአንድ ደቂቃ በርቶ በራሱ ይጠፋል። ጋሼ ደርሶ ከመግቢያው ተቀብለው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ይዘዋት ሲወጡ፣ ሁለተኛው ላይ አቧራ የለበሰ በር ፊት ቆመው ሦስት ጊዜ አንኳኩ። ማን እንደሚኖርበት ጠየቀቻቸው። እትዬ ሀረጓ እንደሆኑ፣ ከሞቱም ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው ነገሯት።

መብራቱ ጠፋ። ከውስጥ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

ሺረል የደረጃውን ብረት እንደጨበጠች ቀረች።

«ቧንቧ ነው ይላሉ» አሉ ጋሼ ደርሶ በጨለማው ውስጥ። «እኔ ሳላንኳኳ ግን አንድ ቀን ጮኾ አያውቅም።»

መብራቱን መልሰው አበሩና ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነገሯት። እትዬ ሀረጓ ጆሯቸው ከብዶ ስለነበር፣ አዛካው በጮኸ ቁጥር ጋሼ ደርሶ ሲወርዱ በሩን ደብድበው ያወጧቸው ነበር። አንድ ቀን ፍርሃት አሸነፋቸውና ሳያንኳኩ ወረዱ። ሮኬቱ ባሕር ላይ ወደቀ። በማግስቱ በሩ ሲከፈት ግን እትዬ ሀረጓ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ደርቀው ተገኙ። ሐኪሙ ልብ ነው፣ ከአዛካው ጋር አይገናኝም ብሏል። ጋሼ ደርሶ ሐኪሙንም ይቃወማሉ።

«በአዲሱ ቤት ሁሉም የየራሱን የብረት በር ይዘጋል» አሉ። «ማን ማንን ያንኳኳል?»

ሺረል ያን ተቃውሞ በራሷ እጅ፣ ባማረ ዕብራይስጥ ጻፈችው፤ በየፎቁ የጋራ መጠለያ ይሁን፣ ከታችም ለልቅሶ ለሠርግ የሚሆን አዳራሽ ይሠራ። ኮሚቴው መጠለያውን ከለከለ፤ አዳራሹን ፈቀደ። ጋሼ ደርሶ ውሳኔውን ሁለት ጊዜ አስነብበው ፈረሙ።

ሕንፃው ሊፈርስ ሲል ከሰው ሁሉ መጨረሻ የወጡት ጋሼ ደርሶ ናቸው። ሺረል ሥራዋ ባይሆንም ዕቃ ልትሸከምላቸው መጣች። እትዬ ሀረጓ በር ላይ ሲደርሱ ጋሼ ደርሶ መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳረፉ እንጂ አላንኳኩም። ከውስጥ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። የሕንፃው ውሃ ከተዘጋ ሳምንት አልፎታል።

«አትፍሪ» አሏት። «ደህና ሁኑ ማለቷ ነው።»

አሁን ጋሼ ደርሶ ሺምሾን በሚባል ሰፈር ውስጥ ማማድ ባለው የኪራይ ቤት ይኖራሉ። አዛካው ሲጮኽ የሺረል ስልክ ይጠራል፤ «ገባሽ?» ብለው ጠይቀው ይዘጋሉ። ባለፈው ሳምንት ግን አዛካው ጮኸና ስልኩ ዝም አለ። ሺረል አንድ እግሯን ብቻ ተጫምታ ማማዷ ውስጥ ቆማ ራሷ ደወለች። ጠራ፤ ጠራ፤ ደግሞም ጠራ።

«ገቡ?» አለች፣ ሲነሣ።

«ከገባሁ ቆየሁ» አሉ ጋሼ ደርሶ። «አንድ ቀን እንኳ አንቺ ትደውዪ እንደሆን ብዬ ነው የጠበቅሁት። ዘግይተሻል፤ በጽሑፍ አቀርባለሁ።»

ሺረል እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ተቃውሟቸውን እንደተቀበለች ነገረቻቸው።