ሸኪብ አድሚን የነጅላን ጌም ከፍቶ ኮዬ ፈጬ ስለ መድረሱ

በዘመነ ማርቆስ፣ ክረምቱ ወጥቶ የቃሊቲ ጭቃ አቧራ በሆነበት ወራት፣ ሥዩመ ቴሌግራም፣ ሞዓ አድሚን ዘእምነገደ ወሎ፣ የአቃቂ ቃሊቲ ጌም ሠሪዎች ግሩፕ መሥራችና ባለ ሙሉ ሥልጣን፣ ግርማዊ ሸኪብ በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ ከእርሱ በፊት ማንም ያልደፈረው ታላቅ ሥራ ተሠራ። እኔም የዘመኑ ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ሥራው ስለ ከበደ ሳይሆን ስለ ብርቅነቱ እንዳይረሳ ብዬ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍሁት። ሥራውም ይህ ነው፤ ሸኪብ ሌላ ሰው የሠራውን ጌም ከፍቶ ተጫወተ።

አንባቢ ሆይ፣ አትሳቅ። የሥራውን ትልቅነት ታውቅ ዘንድ አስቀድመህ ሕዝቡን እወቅ።

በውእቱ መዋዕል፣ በዚያ ዘመን፣ ግሩፑ ከሺህ የሚበልጥ ሠራዊት ነበረው፤ ሁሉም ጌም ሠሪ ይባላል፣ ጌም የሠራ ግን የለም። በንጉሡ ቀኝ የሚቆመው ሊቀ ሐሳብ ዱሬሳ ነበር፤ እርሱም የዓለም ነገሥታት ሁሉ የሚዋጉበትን፣ በከተሞች ብዛት ካርታ የማይበቃውን ጌም በራሱ ውስጥ ተሸክሞ የሚዞር፣ አንዲት ቁልፍ እንኳ ሠርቶ ሳያሳይ፣ ፕሮግራም የሚጽፍለትና ሥዕል የሚሥልለት ሰው በነፃ እንዲመጣ በየሳምንቱ የሚያውጅ ነው። በግራው የሚቆመው ሳህሌ ነበር፤ እርሱም የጌም መሥሪያ ፕሮግራሙን እንደ ካልሲ የሚቀያይር፣ አንዱን አውርዶ ሳይከፍተው ሌላው ይሻላል ሲባል የሚያጠፋው ነው። ከእነዚህ በታች ያለው ሠራዊት ገና ላልተጀመረ ጌም ሎጎ የሚያሠራ፣ ላልተመሠረተ ድርጅት ራሱን ዋና ሥራ አስኪያጅ ብሎ የሚሾም፣ የሹመቱንም ፎቶ ክራቫት አስሮ የሚለጥፍ ሕዝብ ነበር።

የአገሩም ልማድ እንዲህ ነበር። አንድ ሰው ደክሞ የሠራውን በለጠፈ ጊዜ፣ ጣቱ ከስልኩ ላይ ሳይነሣ ሠራዊቱ ሁሉ «በርታ!» ይለዋል፣ የእሳትና የልብ ምስል ያዘንብለታል፤ ወአልቦ ዘርእየ፣ ያየ ግን የለም። ፓኬጅ ያልቃል ይላሉ፣ ስልኬ ሞልቷል ይላሉ። እውነቱ ሌላ ነው፤ የሰውን ሥራ የከፈተ ሰው አንድ ነገር መናገር ይጠበቅበታልና፣ ለመናገር ደግሞ ማየት ያስፈልጋልና፣ ለማየትም ከራስ ላይ ዐይንን ማንሣት ግድ ነውና ፈሩ። ሸኪብም ይህን ልማድ በሕግ አጽንቶ፣ እንከን የሚጽፍ ሁሉ ከግሩፑ እንዲወጣ አውጆ ነበር። በዚህም ሕግ ጃለታ የተባለ ሰው፣ ዱሬሳን ጌሙ የታለ ብሎ ስለ ጠየቀ፣ በዚያው ቅጽበት ተባረረ።

ነጅላ የምትባል የገላን ኮንዶሚኒየም ልጅ በዚህ ሕዝብ መካከል ነበረች፤ እርሷም ከማንም ጋር ሳትከራከር፣ ሎጎም ሳታሠራ፣ ከሥራ መልስ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጎንበስ እያለች አንዲት ትንሽ ጌም ሠራች። ጌሟም ከቃሊቲ ተነሥቶ ኮዬ ፈጬ ስለሚገባ ታክሲ ነው። በለጠፈችው ጊዜ ምስጋናው እንደ ሐምሌ ጎርፍ ወረደ፤ ግማሹ ስሟን እንኳ ሳያነብ «በርታ ወንድሜ» አላት። ንጉሡም ከዙፋኑ ወርዶ በገዛ እጁ ይህን አወጀ፤

«ግራፊክሱ ሌላ ነው! ሌቭል ሁለት ላይ ግን ትንሽ አሠቃየኝ ሃሃ»።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ሳምንት ሳይሞላ፣ ነጅላ አዋጅ አስነገረች፤ ቃሉም እንዲህ ይላል፤

«ስሙኝማ። ባለፈው የለጠፍኩት ፋይል ባዶ ነበር። ጌሙ ውስጡ አልገባም፣ የኔ ጥፋት ነው፣ ገና ዛሬ ነው ያወቅኩት። ግን እናንተ ምኑን ነው የወደዳችሁት? አሁን ትክክለኛውን ለጥፌያለሁ። ቅዳሜ እዚህ ገላን ወጣት ማዕከል ሰው ፊት ላቀርበው ተመዝግቤያለሁ። የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ የት እንደሚነካ እጄ ያውቀዋል፣ ጥፋቱ አይታየኝም። እስከ ሐሙስ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ እስከ መጨረሻው ተጫውቶ የተበላሸውን ካልነገረኝ ቅዳሜ አልሄድም። ጌም መሥራቱንም እዚሁ አቆማለሁ። ለግድግዳ መሥራት ሰለቸኝ።»

ይህ በተሰማ ጊዜ ዐቢይ ፍርሃት ሆነ፤ ባዶውን ያመሰገኑ ሁሉ ምስጋናቸውን እየሰረዙ ሸሹ፣ አንዳንዱም ስልኩ ተሰርቆበት እንደ ነበር ማለ። ሊቀ ሐሳብ ዱሬሳ ግን አልሸሸም፤ ማፈር የሚባለውን ከነጭራሹ አያውቀውምና እንዲህ ሲል አወጀ፤

«ነጅላዬ አይዞሽ፣ በጣም ላየው ፈልጌ ነበር። ግን የራሴን ታሪክ እየጻፍኩ ስለሆነ የሌላ ሰው ሥራ ካየሁ ሐሳቤ ይበረዛል።»

ሳህሌም ከእርሱ ላለማነስ ይህን አከለ፤

«እኔ በማወርደው ፕሮግራም ብትሠሪው ኖሮ ፋይሉ ባዶ አይሆንብሽም ነበር። እንደ አዲስ ጀምሪው፣ እመኚኝ።»

ሸኪብ ግን የሚሸሽበት አጣ። ሌቭል ሁለት አሠቃየኝ ያለው ቃል ከነስሙ ከነፎቶው ተሰቅሎ ይታያል፤ ቢሰርዘውም ሰው ሁሉ ፎቶ አንሥቶታል። ስለዚህ ቃሊቲ ከአጎቱ የመለዋወጫ ሱቅ ምሳ ሰዓት ላይ ተነሥቶ፣ ጃኬቱን እንደ ካባ ደርቦ፣ ክተት አወጀ፤ ዛሬ ጌሙን ከፍቼ እጫወታለሁ፣ የሚወደኝ ይከተለኝ አለ። ሺው ሠራዊት ልብ ሰጠው፣ ተነሥቶ የተከተለው ግን የለም። ከእርሱ ጋር የዘመቱት እነዚህ ብቻ ናቸው፤ መስታወቱ የተሰነጠቀው ስልኩ፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለው ቻርጀሩ፣ ዋይፋይ ያለው ካፌ ውስጥ ለመቀመጫ መብት ሲል ያዘዘው ማኪያቶ። እርሱም ሳይቀዘቅዝ ተጠጣ።

በመንገዱም ብዙ መከራ አገኘው። ስልኩ ሞልቻለሁ ብሎ በር ዘጋበት፤ እርሱም የአክስቱን ልጅ የሰርግ ቪዲዮ፣ ወዳጆቹ የላኩለትን የዒድ መልእክት ሁሉ፣ ጀምሮ የተዋቸውን የራሱን ሁለት ጌሞች ሳይቀር ሠዋ፤ እነዚያንስ ሲያጠፋ አንዳች አልተሰማውም። ከዚያ ደግሞ ስልኩ ምንጩ ያልታወቀ ነገር እየገባ ነው ብሎ አስጠነቀቀው፤ ጌም ሠሪዎች ነን ሲል ሦስት ዓመት የኖረ ሰው ይህን ማስጠንቀቂያ ሲያይ የመጀመሪያው ነበርና ደነገጠ። ነገር ግን የቅዳሜን ቀን አሰበ፤ ልጅቱ ሥራዋን ከተወች በእርሱ ቃል ምክንያት መሆኑን አወቀ፣ ዐይኑንም ጨፍኖ እሺ የሚለውን ነካ።

ጌሙም ተከፈተ። እነሆ ቃሊቲ መናኸሪያ፣ እነሆም ሰማያዊና ነጭ ታክሲ። ሸኪብ ነዳጅ ረገጠ፤ ታክሲው አልተነቃነቀም። ደገመ፤ አልተነቃነቀም። ማርሽ ፈለገ፣ ጡሩምባ ነፋ፣ ስክሪኑን በአውራ ጣቱ ደበደበ፣ ስልኩን አጥፍቶ አበራ፤ ታክሲውም እንደ ቆመ ቆመ። ንጉሡ በውጭ አገር ጌም በእሳት ውስጥ መኪና እያበረረ ያደገ ነውና መኪና ያለ ምክንያት የሚቆም አይመስለውም፤ ስለዚህ ልጅቱ ሞተሩን ሳትሠራው ረሳችው ብሎ ተቆጣ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ከአስተናጋጁ እስክሪብቶ ተውሶ፣ በናፕኪን ላይ ስለ ሞተር ጥበብ ረጅም ተግሣጽ ይጽፍ ጀመር።

እርሱ ተግሣጹን ሲያሳምር፣ በስልኩ ውስጥ ሰዎች አንድ በአንድ ይገቡ ነበር። አንዲት ሴትዮ ፌስታል ይዛ ገባች፣ አንድ ሽማግሌ ጋቢና ያዙ፣ ፍራሽ የተሸከመ ጎረምሳ ከኋላ ተጣጥፎ ተቀመጠ። የመጨረሻው ወንበር በተያዘ ጊዜ ወያላው በሩን ደቃው፣ ታክሲውም በራሱ ተነሥቶ ሄደ። ሸኪብ የተሳፋሪዎቹን ጩኸት ሰምቶ ቀና ሲል ታክሲው ቦይ ውስጥ ሊገባ ነው። ያን ጊዜ ገባው። ዘወትር ማለዳ ገላን ላይ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ እስኪሞላ የሚጠብቅ፣ ሰዓቱን እያየ የሚያማርር ይህ ሰው፣ ታክሲ ሞልቶ እንደሚሄድ በጌም ውስጥ ሲያየው አላወቀውም። ከሩቅ አገር የመጣ ቱሪስት እንኳ ከዚህ ፈጥኖ ያውቅ ነበር እላለሁ።

ናፕኪኑን ቀዶ፣ መሪውን ጨብጦ ነዳ። ከባድ መኪና አለፈ፣ ጉድጓድ ዘለለ፣ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው ቆመ፣ በአቧራ ውስጥም ኮዬ ፈጬ ደረሰ። ኮንዶሚኒየሞቹ አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ፣ በአንዱ ፎቅ ላይ የተሰጣ ልብስ ሲወዛወዝ አይቶ፣ ሳያስበው ደስ አለው። ተሳፋሪዎቹም ወራጅ አለ ብለው ጮኹ። እርሱም በሩን የሚከፍተውን ቁልፍ ስክሪኑ ላይ ነካው፤ በሩ አልተከፈተም። ቁልፉ በነጅላ ላፕቶፕ ላይ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ በጠባቡ ስልክ ላይ ግን ግማሹ ከስክሪኑ ውጭ ቀርቷል። ደጋግሞ ነካው፣ ተሳፋሪዎቹም ደጋግመው ጮኹ፤ ሽማግሌው ጋቢና ውስጥ፣ ፍራሹም ከኋላ፣ ሁሉም ቤታቸው ደጃፍ ላይ እንደ ታሰሩ ቀሩ።

በዚህ ጊዜ የዘመቻው ሁሉ ትልቁ ጦርነት በሸኪብ ልብ ውስጥ ሆነ። ጥፋቱን ቢናገር የራሱን ሕግ ራሱ ይሽራል፤ ጨረስኩት፣ እሳት ነው ቢል ማንም አይጠረጥረውም፣ ልጅቱም ደስ ብሏት ቅዳሜ ትሄዳለች፣ በሰው ሁሉ ፊትም ትዋረዳለች። እሳት ነው የሚለውንም ጽፎ ነበር። ቆይቶ አጠፋው፣ በምትኩም ይህን አወጀ፤

«ነጅላ፣ የተበላሸ ነገር አለው። ኮዬ ፈጬ ላይ 'ወራጅ አለ' የሚለው ቁልፍ በኔ ስልክ ግማሹ ከስክሪን ውጪ ነው፣ ስነካው አይሰማም። ማንም መውረድ አልቻለም። ሌላው ሁሉ ይሠራል። ባለፈው ሌቭል ሁለት ምናምን ያልኩት ውሸት ነው። ጌሙ ሌቭል ሁለት የሚባል ነገር የለውም።»

ነጅላም ያለ ምስጋና፣ ያለ ልብ ምስል፣ ወዲያው መለሰች፤

«ስልክህ የቱ ነው? ስክሪኑን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። አሁኑኑ!»

በሦስት ዓመት ውስጥ በዚያ ግሩፕ ስለ ጌም የተነገረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። ዱሬሳ ግን ሕግ አክባሪ ሆኖ ተነሣ፤ «በሕጋችን መሠረት ኔጋቲቭ የጻፈ ይወጣል፣ አድሚንም ቢሆን» ብሎ አወጀ፣ የጌሙን መልክ ያላየ ሠራዊትም በእሳት ምስል አጀበው። ሸኪብም ተቆጥቶ ሕጉን ሻረ፣ ጃለታንም ከስደቱ መለሰው። ጃለታ በገባበት ቅጽበት ዱሬሳን ያንኑ ጥያቄ ጠየቀው፤ ዱሬሳም ኔትወርክ እያስቸገረው መሆኑን ገልጾ ተሰወረ።

ቅዳሜም ሆነ። በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ነጅላ ስልኳን ይዛ ቆመች፤ ከሺው ሠራዊት የመጣው ሸኪብ ብቻ ነው፣ እርሱም ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አደሴ የተባሉ የኮዬ ፈጬ እናት፣ መሬታቸው ኮንዶሚኒየም ከመሆኑ በፊት ጀምሮ እዚያው የኖሩ፣ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ መጥተው ነበርና ስልኩን ተቀበሉ። ማንም ሳይነግራቸው እጃቸውን አጣጥፈው ታክሲው እስኪሞላ ጠበቁ። ቀስ ብለው ነዱ፣ ደረሱ፣ ቁልፉን ነኩ፤ በሩም ተከፈተ፣ ሴትዮዋ ከነፌስታሏ፣ ሽማግሌው፣ ጎረምሳው ከነፍራሹ፣ አንድ በአንድ ወረዱ። እናቲቱ ስልኩን ሳይመልሱ የወረዱት ሰዎች ወዴት እንደ ገቡ ስክሪኑ ላይ በጣታቸው ይፈልጉ ጀመር። ነጅላም ይህን አይታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ታለቅስ ነበር።

ስለዚህ ሸኪብ ይመስገን። ፋይል አውራጅ፣ ታክሲ ጠባቂ፣ ሕጉን ሻሪ፣ እውነት ተናጋሪ እየተባለ ስሙ ከቃሊቲ ባቡር ማብቂያ እስከ ገላን ይጠራ። ዛፍ በሌለበት እንቧጮ አድባር ይሆናል እንዲሉ፣ ከእርሱ የሚበልጥ በዘመኑ አልተገኘምና ውዳሴው ይገባዋል፤ የሰው ልጅ ሁሉ ሊያደርገው የሚገባውን አንዲት ጊዜ አድርጓልና። ከሺህ ሰው አንዷ ሠራች፣ አንዱ አየላት፤ የቀረው ሕዝብ ግን እስከ ዛሬ ጌም ሠሪ ይባላል።